ኤቲቪው ይጮሃል እንጂ አይሄድም

ዴንቨር ራሷ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቅዳሜ የምንወጣባቸው የኮሎራዶ ተራሮች ደግሞ 3,000ን ያልፋሉ፤ እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የኤቲቪው (የባለ አራት ጎማው ሞተርሳይክል) ሞተር ቆላ ላይ ከነበረው ጉልበት ሲሶው ገደማ ይጎድለዋል። ፍሪሲዮኑ ግን አሁንም ለቆላ እንደተስተካከለ ነው።

አሠራሩ ባጭሩ፦ ፍሪሲዮኑ በቺንጋ የተያያዙ የፊትና የኋላ ፑሌጃዎች ነው። የፊተኛው ፑሌጃ ውስጥ ክብደቶች አሉ። የሞተሩ ዙር ሲጨምር ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ ፑሌጃው ይጠብባል፣ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣል፤ ማርሽ ጨመረ ማለት ነው። ሞላው ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል።

አቀበት ላይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተኸው ካቃሰተና ዙሩ መመሪያው ላይ ካለው ቁጥር በታች ከቀረ፣ ክብደቱ በዝቶበታል፤ ማርሹን ያለጊዜው ይጨምራል። ትልልቅ ጎማ ያስገባ ሰውም ይኸው ይገጥመዋል። ቀለል ያለ ክብደት አስገባ፣ በየጊዜው 2 ግራም ያህል ብቻ እየቀነስክ። ሁሉም እኩል ይሁኑ፤ አንዱ ከተለየ ፑሌጃው ይንቀጠቀጣል።

ዙሩ ሰማይ ነክቶ ኤቲቪው ካልሄደስ? ክብደቱ ቀሎ ሊሆን ይችላል። ግን ቆይ፣ ኪስህ ውስጥ እጅህን አትክተት። እኔ አዲስ ክብደት ገዝቼ ገጥሜ፣ ለካ ቺንጋው ነው የሚንሸራተተው! የተቃጠለ ጎማ ይሸታል ወይ? ጎኑ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል? ቀጥኗል? ቀይረው። የፑሌጃውን ፊት በብሬክ ማጽጃ ጥረግ፣ ግራሶ አታስጠጋው። ወንዝ ተሻግረህ ከሆነ ደግሞ ውሃ ገብቶ ነው፤ የሽፋኑን ማፍሰሻ ክፈት፣ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርገህ ነዳጅ ስጠው፣ ይደርቃል።

ሲነሳ እየዘለለ ከሆነ የፊቱ ፑሌጃ ሞላ መነሻው ላይ ጠንክሯል። ነዳጅ ለቀህ መልሰህ ስትሰጠው ከተኛ ግን የኋላው ፑሌጃ ሞላ ደክሟል፤ ጠንከር ያለ አስገባ፣ ሲበዛ ግን ቺንጋውን ያግለዋል።

ስትሞክር ቺንጋው ይሙቅ፣ ሜዳ ላይ ሙሉ ነዳጅ ስጥና ዙሩ ሲረጋ አንብብ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ሞላና ክብደት አብረህ ከነካህ የትኛው እንዳበላሸው አታውቅም። ወደ ቆላ ስትወርድ ደግሞ ከባዱን ክብደት መልስ፣ አለዚያ ዙሩ ከልክ ያልፋል።