ላይትሩምና ፎቶሾፕ አፕግሬድ ልታደርጉ ነው? ጥር ይለፍና

የላይትሩምና የፎቶሾፕን (አዶቢ የሚባለው ኩባንያ የሚሰራቸው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌሮች ናቸው) አዲስ ቨርዥን መጫን ራሱ ከባድ ነገር የለውም፣ ኔቱ ደህና ከሆነ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ከባዱ መቼ እንደሚጫንና ከተጫነ በኋላ እጃችሁ የለመደው ነገር ሁሉ ቦታውን ሲቀይርባችሁ ምን እንደምታደርጉ ነው። ባህር ዳር ሰርግ የሚያነሱ ልጆች ጋር ስቀመጥ የማየው ይሄንኑ ነው፣ ሰው አፕግሬድ የሚያደርገው አንድ ዩቲዩብ ቪዲዮ አይቶ ልቡ በተነሳበት ሰዓት ነው፣ ያ ሰዓት ደግሞ ሁሌ ስራ የተደራረበበት ሰዓት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በጥር ምንም ነገር አትንኩ። ከጥምቀት ማግስት እስከ አብይ ፆም መያዣ፣ ከዛ ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ሰርግ በሰርግ ነው፣ በዛ ሰሞን ሙሽራዋ "ፎቶዬስ?" እያለች በቀን ሶስቴ ስትደውል አዲስ ሶፍትዌር ለመማር መሞከር ራስን መቅጣት ነው። ጊዜው ክረምት ነው፣ ሰኔና ሐምሌ ስራው ቀዝቀዝ ይላል፣ ፍልሰታ ከገባችማ ሰርግ የሚባል የለም። የክረምት ችግሩ መብራት ነው፣ መብረቁ ሲጀምር መሄዱ ስለማይቀር ዴስክቶፕ ያላችሁ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) እንዳትጀምሩ፣ ላፕቶፕ ያለው ደግሞ ባትሪውን ሞልቶ ይጀምር።

መጀመሪያ ግን አፕግሬዱ ለምን እንዳስፈለጋችሁ እወቁ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው አዲስ ካሜራ ገዝቶ ራው ፋይሉ (ካሜራው ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) አልከፈት ስላለው ነው። ካኖን ከ2018 ጀምሮ (የሶፍትዌርና የካሜራ ዓመቶችን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሲአር3 የሚባል የራው ፋይል አመጣ፣ ላይትሩም 6 ደግሞ የመጨረሻ አፕዴቱ 2017 መጨረሻ ላይ ስለነበር ይሄን ፋይል ጭራሽ አያውቀውም። ችግራችሁ ይሄ ብቻ ከሆነ አዶቢ ራሱ በነፃ የሚሰጠው ዲኤንጂ ኮንቨርተር አለ፣ ፎልደሩን ትሰጡታላችሁ ሙሉውን ወደ ዲኤንጂ (የአዶቢ የራሱ የራው ዓይነት) ይቀይርላችኋል፣ የድሮው ላይትሩምም ይከፍተዋል፣ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለው ጋ ለድሮ ቨርዥን የሚሆነውን መምረጥ ብቻ አትርሱ። አንድ እርምጃ ይጨምራል፣ ቦታም ይበላል፣ ግን ወር በወር በዶላር ከመክፈል ይሻላል። ፎቶሾፕም እንደዛው ነው፣ አልበም ዲዛይን ብቻ የሚሰራ ሰው ሲኤስ6 ዛሬም አያሳፍረውም፣ ሲኤስ6 በ2012 የወጣና አንዴ ተገዝቶ የራስ የሚሆን የመጨረሻው ፎቶሾፕ ነው፣ ከ2013 ወዲህ ያለው ሁሉ በኪራይ ነው።

ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሰራ የተሰበረ ሶፍትዌር) የምትጠቀሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ሰፈሩን ስለማውቀው አልሰብክም። ግን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ክራክ አንቲቫይረስ አጥፉ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ የሰው ሰርግ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አንቲቫይረስ አጥፍቶ ምንጩ የማይታወቅ ፋይል መክፈት ምን እንደሚያመጣ መገመት አያቅትም። መክፈል ካልተቻለ ዳርክቴብልና ራውቴራፒ ለራው፣ ጂምፕ ለሪታች አለ፣ ሶስቱም በህግ ነፃ ናቸው። ዳርክቴብል መጀመሪያ ያስጨንቃል እንጂ ከለመዱት በኋላ ላይትሩም የሚያደርገውን አብዛኛውን ያደርጋል። ጂምፕም በ2025 መጋቢት አካባቢ 3.0 ሲወጣ ፊልተሮቹን ኋላ ተመልሶ ማስተካከል የሚቻልበት መንገድ መጥቷል፣ ድሮ ጂምፕን ሞክራችሁ የተዋችሁት ካላችሁ አንዴ ደግማችሁ እዩት።

እሺ፣ አስባችሁበት ወደ ላይትሩም ክላሲክ (በኪራይ ያለው አዲሱ የኮምፒውተር ላይትሩም) ለመሄድ ከወሰናችሁ መጀመሪያ ኮምፒውተራችሁን እዩ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ እዛው ይቆማል፣ አዲሱ አይጫንም። ራም 8 ጊጋ ትንሹ ነው፣ 16 ሲሆን ነው እንደ ሰው የሚሰራው። ግራፊክስ ካርድ የሚያስፈልግበትን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቀጥሎ ባካፕ፣ እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ላይትሩም ፎቶ ውስጡ አያስቀምጥም። ፎቶው ሃርድ ዲስካችሁ ላይ ባለበት ነው ያለው፣ እናንተ የሰራችሁት ኤዲት ግን ካታሎግ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ነው፣ መጨረሻው ኤልአርካት የሚል። ካልቀየራችሁት በስተቀር የሚቀመጠው ሲ ድራይቭ ላይ ፒክቸርስ ውስጥ ላይትሩም የሚል ፎልደር ውስጥ ነው። አሁን የማውቀው አንድ ፎቶ ቤት የደረሰበትን ስሙ፣ ለአፕግሬዱ ብለው ኮምፒውተሩን ፎርማት ሊያስደርጉ ወሰዱት፣ ሰራተኛው "ፎቶ ያለው የት ነው?" አላቸው፣ "ዲ ላይ" አሉት፣ እውነታቸውን ነው፣ ፎቶው ሁሉ ዲ ላይ ነበር። ሲ ተጠረገ። ፎቶዎቹ አንድም አልጠፉም፣ የሁለት ዓመት ኤዲት ግን አብሮ ሄደ፣ ከዛ በኋላ አንድ ሙሽራ መጥታ "ያቺን ፎቶ በትልቁ አውጡልኝ" ስትል ከባዶ መጀመር ሆነ። ስለዚህ ካታሎጉን ፈልጋችሁ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጉ። ፕሪሴቶቻችሁንም (አስቀምጣችሁ በአንድ ክሊክ የምትጭኗቸው የኤዲት ቅንብሮች)፣ ፕሪፈረንስ ውስጥ ፕሪሴትስ የሚለው ታብ ላይ ፎልደሩን የሚያሳይ በተን አለ፣ እሱን ተጭናችሁ ሙሉ ፎልደሩን ውሰዱ። ከፎቶሾፕ ደግሞ አክሽኖችና (ተመዝግበው በራሳቸው የሚደገሙ እርምጃዎች) ብራሾች። ካታሎግ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ለውጦችን ወደ ኤክስኤምፒ በራሱ ይፃፍ የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ብታበሩት ኤዲቱ ፎቶው አጠገብም ይቀመጣል፣ ትንሽ ያዘገያል ግን ለክፉ ቀን ነው።

ስትጭኑ የድሮውን አታጥፉ። የአዶቢ ኢንስቶለር አድቫንስድ የሚለው ውስጥ የድሮ ቨርዥኖችን አጥፋ የሚል ሳጥን አለ፣ ምልክት ተደርጎበት ነው የሚመጣው፣ አንሱት። ብዙ ሰው ሳያየው አልፎ ነው ነገ የሚያለቅሰው። አዲሱ ሲከፈት ካታሎጉን ላሳድገው ወይ ይላችኋል፣ እሺ በሉት፣ የድሮውን አይነካም፣ አዲስ ኮፒ ነው የሚሰራው። ከዛ በኋላ ግን ሁለት ካታሎግ አላችሁ ማለት ነው፣ በአዲሱ የሰራችሁት በድሮው አይታይም፣ የድሮው ሶፍትዌርም አዲሱን ካታሎግ መክፈት አይችልም። ዛሬ በዚህ ነገ በዛ የሚሰራ ሰው በሳምንቱ የትኛው ኤዲት የት እንዳለ አያውቅም። ያለቀውን ስራ በድሮው አስረክቡ፣ አዲስ የሚገባውን በአዲሱ ጀምሩ፣ መሃል ላይ አትዝለሉ።

የድሮ ፎቶዎቻችሁ መልካቸው የሚቀየር መስሏችሁ የምትፈሩ፣ አይቀየርም። ላይትሩም ፎቶው የተሰራበትን ፕሮሰስ ቨርዥን (ኤዲቱ የተሰላበትን ስሌት) ያስታውሳል። በ2012 ላይትሩም 4 ሲመጣ ሪከቨሪና ፊል ላይት የሚባሉት ስላይደሮች ቀርተው ሃይላይት፣ ሻዶው፣ ዋይት የሚሉት መጡ፣ ከዛ በፊት የተሰራ ፎቶ ካላችሁ እስካሁን በድሮው ስሌት ነው የሚታየው፣ አፕዴት አድርግ ካላላችሁት በስተቀር። ደንበኛ አልበም አሳትሞ የወሰደውን ፎቶ አፕዴት አታድርጉ፣ ነገ ድጋሚ ፕሪንት ሲጠይቅ ከአልበሙ ጋር አይገጥምም።

ፎቶሾፕ ላይ ከሲኤስ6 የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚናደደው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ኮንትሮል ዜድ፣ ድሮ አንዴ ወደ ኋላ ደግሞ ወደ ፊት ነበር፣ ከ2018 መጨረሻ ወዲህ በተጫናችሁት ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በፊትና በኋላ ለማወዳደር ቶሎ ቶሎ መጫን የለመደ እጅ ስራውን አፍርሶት ይገኛል። ሁለተኛው ሺፍት፣ ድሮ ፎቶ ሳይጣመም ለማሳነስ ሺፍት ይያዝ ነበር፣ አሁን ተገልብጧል፣ ሺፍት የያዘው ነው የሚያጣምመው። አንድ አልበም የሚሰራ ጋሼ "ሶፍትዌሩ ሰው አወፈረብኝ" ብለው ሊመልሱት ነበር። ሁለቱም ይመለሳሉ፣ ኤዲት ውስጥ ኪቦርድ ሾርትካት ጋ ሌጋሲ አንዱ (Undo) የሚል አለ፣ ፕሪፈረንስ ጄኔራል ውስጥ ደግሞ ሌጋሲ ፍሪ ትራንስፎርም። አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ አትመልሱት፣ ሃያ ዓመት የሰራ ሰው ግን ይመልሰው፣ እጅን እንደገና ማስተማር ምን አመጣው።

አሁን ወደ መማሩ። ቪዲዮ ማየት ጥሩ ነው፣ በሌሊት ፓኬጅ አውርዳችሁ እዩ፣ ነገር ግን አስተማሪው የሚሰራበት ፎቶ የእናንተ አይደለም። እሱ ደመናማ አገር ነጭ ሰው ነው የሚያነሳው፣ እናንተ በ1,800 ሜትር ከፍታ በቀትር ፀሐይ ጣና ዳር ነጭ ሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ጠይም ሙሽራ ነው የምታነሱት። የሱን ፕሪሴት ስትጭኑበት ፊቷ አመዱ ቡን ይላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ብርቱካን ቀለም ላይ ነው፣ እነዛ ፕሪሴቶች ብርቱካኑን ሳቹሬሽን ቀንሰው ብርሃኑን ከፍ ያደርጉታል፣ የኛ ቆዳ ደግሞ ቀለሙ ያለው እዛው ብርቱካን ውስጥ ነው። አንዲት እናት እንደዛ የተሰራ ፎቶ አይታ "ልጄ ታማለች እንዴ?" ብላለች። የገዛችሁትን ፕሪሴት አትጣሉት፣ ኤችኤስኤል (እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የሚስተካከልበት) ውስጥ ገብታችሁ ብርቱካኑን ወደ ዜሮ መልሱና እንደገና ሴቭ አድርጉት፣ በቃ የእናንተ ሆነ።

መልመጃ የሚሆነው ፎቶ እናንተው ጋ አለ። የድሮ ስራችሁ ውስጥ ገብታችሁ ነጠላዋ ነጭ ብቻ ሆኖ የጠፋበትን፣ ጥለቱ ብቻ የሚታይበትን አንድ ራው ምረጡ፣ ቨርቹዋል ኮፒ (የድሮውን ኤዲት የማይነካ ሁለተኛ ኮፒ) አድርጉና ሪሴት ብላችሁ ከባዶ በአዲሱ ስሩት። ሃይላይቱን ወደ ታች፣ ዋይቱን ቀስ ብላችሁ፣ የሽመናው መስመር ተመልሶ ሲታይ አቁሙ፣ ከዛ ካወረዳችሁት ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫ ነጠላ ደግሞ ያልታጠበ ነው የሚመስለው። ራው ውስጥ ጭራሽ የተቃጠለ ከሆነ ግን ምንም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ከዛ ያንኑ ፎቶ ከድሮ ኤዲታችሁ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት።

አፕግሬድ ማድረግ የሚያዋጣበት አንድ ነገር ምረጡ ብትሉኝ ማስኪንግ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ መርጦ ማስተካከል) እላለሁ፣ በ2021 ጥቅምት አካባቢ ነው የመጣው። ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ክረምት ላይ ጎርፉ ሲገባ የጣና ውሃ ቡናማ ይሆናል፣ ደንበኛው ግን "ሰማያዊ አርግልኝ" ይላል (በበጋ መጥተህ ተነሳ አይባል ነገር)። በኤችኤስኤል ቡናማውን ልቀይር ካላችሁ ውሃውም ፊቱም ታንኳውም አብሮ ይቀየራል። በማስክ ከሆነ ባክግራውንድ ምረጥ ትሉታላችሁ፣ ሰማዩን ሰብትራክት ታደርጉበታላችሁ፣ የቀረውን ዛፍና ዳርቻ በብራሽ ትቀንሱና ቴምፕሬቸሩን ወደ ሰማያዊ ትንሽ ታንቀሳቅሳላችሁ። ትንሽ፣ ጣና ቀይ ባህር አይሁን። ነጠላ በንፋስ የተነሳበት ጠርዝ ላይ ማሽኑ ይሳሳታል፣ ስስ ጨርቅ ያምታታዋል፣ ሁሌም 100 ፐርሰንት ዙም አድርጋችሁ ጠርዙን እዩ። ማስኩን ለመቶ ፎቶ ኮፒ ፔስት ስታደርጉ ለእያንዳንዱ እንደገና ስለሚያሰላው ደካማ ኮምፒውተር ላይ ሄዳችሁ ቡና ጠጡ።

ዲኖይዝ የሚባለው (ብርሃን ባነሰበት የተነሳ ፎቶ ላይ የሚታየውን ነጠብጣብ የሚያጠፋው) በ2023 ሚያዝያ ነው የመጣው፣ ዘጌ ገዳማት ውስጥ ያለ ፍላሽ ያነሳችሁት ወይም ግንቦት 2016 (ይሄ በኛ ነው) የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ማታ ያነሳችሁት ፎቶ ላይ ስሩት፣ በጣም ነው የሚገርመው። ግራፊክስ ካርድ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው፣ ደህና ካርድ ያለው በሰከንዶች ይጨርሳል፣ የሌለው ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎች ይጠብቃል፣ ስለዚህ ለአልበም ሽፋን የተመረጡትን ብቻ። ጀነሬቲቭ ፊል (የፎቶውን ክፍል በኤአይ አዲስ ሰርቶ የሚሞላው) ደግሞ ያለ ኢንተርኔት አይሰራም፣ ስሌቱ የሚሰራው አዶቢ ሰርቨር ላይ ነው። ኔቱ በሚቆራረጥበት ሰሞን በሱ ተማምናችሁ ለነገ አደርሳለሁ አትበሉ፣ እምቦጩን ከፎቶው ላይ ለማጥፋት ሂሊንግ ብራሽና ክሎን ስታምፕ ተማሩ፣ እነሱ መብራት እስካለ ድረስ ይሰራሉ። የኪራዩ ላይሰንስም በየጊዜው ኦንላይን ገብቶ መረጋገጥ ስለሚፈልግ ኔት በተገኘ ቁጥር አንዴ ከፍታችሁ ሳይን ኢን መሆናችሁን እዩ።

ኮምፒውተር የሌላችሁ፣ ስናፕሲድ የሚባለው የስልክ አፕ በነፃ የዲኤንጂ ራው ይከፍታል። ፖሊ ግቢ የምትማር አንዲት ልጅ ኩርቭን (ብርሃንና ጥላን በመስመር ማስተካከያውን) ሙሉ በሙሉ ስልኳ ላይ ነው የተማረችው፣ ኋላ ላፕቶፕ ስታገኝ ፎቶሾፕ ውስጥ ያለው ኩርቭ ያው ስለሆነ ምንም አልከበዳትም። ስልክ ላይ ግን ብሩህነቱን አውቶ ላይ አታድርጉት፣ ውጪ ፀሐይ ላይ ሰርታችሁ ቤት ስትገቡ ሌላ ፎቶ ነው የምታዩት።

የድሮውን ቨርዥን የምታጠፉት በአዲሱ አንድ ሙሉ ሰርግ፣ ከምርጫ እስከ አልበም ፕሪንት፣ ከሰራችሁና ካስረከባችሁ በኋላ ነው። እስከዛ ዲስክ ከጠበባችሁ ከድሮው ካታሎግ አጠገብ ፕሪቪውስ የሚል ትልቅ ፋይል ታገኛላችሁ፣ እሱን ብታጠፉት ፎቶዎቹ እስካሉ ድረስ ላይትሩም መልሶ ይሰራዋል፣ ኤልአርካት የሚለውን ግን እንዳትነኩት።