ከአምስት ኪሎ እስከ ጃን ሜዳ፦ የሰርከስን ታሪክ ለልጆች የሚያሳይ የአንድ ቀን ሽርሽር

የሰርከስን ታሪክ ለልጆች ማስረዳት የሚፈልግ መምህር ወይም ወላጅ፣ ነገሩን ከትርኢት ብቻ ቢጀምር ብዙ ይቀርበታል። ሰርከስ የሰው ልጅ የሰውነቱን ሚዛን እስከ መጨረሻው የሚፈትንበት ጥበብ ስለሆነ፣ ታሪኩም ሰው በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ከመቆሙ ቢጀመር ለልጆቹ ይበልጥ ይገባቸዋል። ለዚህ የሚሆኑት ቦታዎች ደግሞ በአዲስ አበባ እምብርት በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ይገኛሉ።

ጉዞው ከክረምት ውጭ ባለ ቅዳሜ ቢደረግ ይመረጣል። ቢያንስ ከሳምንት በፊት ወደሚጎበኙት ሁለት ሙዚየሞች፣ ማለትም ወደ ብሔራዊ ሙዚየምና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ሄዶ የመግቢያ ሰዓትና ክፍያ መጠየቅ፣ የቡድን ጉዞ ከሆነም የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ማስገባት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፍተሻ ስላለ አዋቂዎች መታወቂያ ይያዙ፤ ለስምንት ልጆች አንድ አዋቂ ቢመደብ አይበዛም። ለስንቅ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝና በቂ ውሃ ይበቃል። በጾም ወቅት ከሆነ ምግቡ ለሁሉም የጾም ቢሆን ልጆቹ ሳይለያዩ አብረው ይበላሉ። ከዚህ በተጨማሪ የሚነጠፍ ሰሌንና ስድስት ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ገመድ መያዝ አይረሳ።

ጠዋት የሚጀመረው አምስት ኪሎ ካለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። እዚያ ብዙ ከመዞር ይልቅ ድንቅነሽ ዘንድ ረጋ ብሎ መቆየት ይሻላል። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ስትሆን፣ ለዕይታ የቀረበው የአጽሟ ቅጂ ነው። ልጆቹ አጭርና ሰፊ የሆነውን የዳሌዋን አጥንት፣ ቀጥሎም ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ የሚያዘነብለውን የጭኗን አጥንት ይመልከቱ። ይህ ማዘንበል እግሮቿ ከሰውነቷ ክብደት በታች እንዲያርፉ ስለሚያደርግ፣ በሁለት እግር ስትራመድ ወደ ጎን እንዳትወላገድ ይረዳታል። ወደ ግቢው ሲወጡ እያንዳንዱ ልጅ በአንድ እግሩ ይቁም፤ መጀመሪያ ዓይኑን ገልጦ፣ ከዚያ ጨፍኖ። ዓይን ሲጨፈን ሰውነት ወዲያውኑ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ሚዛን የጡንቻ ብቻ ሳይሆን የዓይንና የውስጥ ጆሮም ሥራ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ከዚያ ዳገቱን ወደ ስድስት ኪሎ ይወጣሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም፣ የሰውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት በተራ የሚያሳይ በመሆኑ የልጅነት ክፍሉ ለዚህ ቡድን ዋነኛው ነው። ከፎቅ ያሉት የሙዚቃ መሣሪያዎችም አይታለፉ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሰርከስ ኢትዮጵያ አክሮባትን ከአገርኛ ሙዚቃና ጭፈራ ጋር አዋሕዶ አቅርቧልና።

ምሳ፣ የግቢው ጥበቃዎች ከፈቀዱ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ሰሌን አንጥፎ ይበላል። ቆሻሻውን ለቅሞ መያዝ የልጆቹ ድርሻ ይሁን።

የቀኑ ምርጥ ክፍል፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ነው። ጃን ሜዳ ለጥምቀት በዓል ብቻ ሳይሆን ለፈረስ ውድድርና ለጉግስም የታወቀ ነው፤ ዘመናዊው ሰርከስም የተወለደው ከፈረስ ነው። የቀድሞው እንግሊዛዊ ፈረሰኛ ወታደር ፊሊፕ አስትሊ በ1768 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ፈረሶችን በክብ እያስጋለበ ትርኢት ማሳየት ጀመረ፤ በኋላ የጸናው የክቡ ስፋትም 42 ጫማ፣ ማለትም 13 ሜትር ገደማ ነው። ሜዳው በዕለቱ ክፍት መሆኑ አስቀድሞ ይጣራ፤ ካልሆነም ሌላ ሰፊና ደልዳላ ቦታ ይበቃል። አንድ ልጅ መሐል ቆሞ የገመዱን ጫፍ ይያዝ፤ ሌላው ገመዱን ወጥሮ ሲዞር የተቀሩት በየእርምጃው ጠጠር እያስቀመጡ ይከተሉት። ክቡ ከተሠራ በኋላ በየተራ ዳሩን ይዘው ይሩጡ፤ ፍጥነት ሲጨምሩ ሰውነታቸው ሳያስቡት ወደ መሐል ያዘነብላል። ፈረሱ ላይ የሚቆመው ሰውም ሚዛኑን የሚጠብቀው በዚሁ መንገድ፣ ከፈረሱ ጋር ወደ ክቡ መሐል በማዘንበል ነው።

በዚህ መካከል መገልበጥ የሚፈልግ ልጅ አይጠፋም፤ ፍራሽና አሠልጣኝ በሌለበት ግን በፍጹም አይፈቀድ። ለዚያ ፍላጎት መልሱ በሌላ ቀን የከተማዋን የሰርከስ ቡድኖች፣ ለምሳሌ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን ፈቃት ሰርከስን፣ አስቀድሞ አስፈቅዶ ልምምዳቸውን ማየት ነው። በልምምድ ቦታው የሌሎችን ልጆች ፎቶ ከማንሳት በፊት አሠልጣኞቹን መጠየቅ ይገባል።