ጡረታ የወጣ አምቡላንስ፦ ችግርና መፍትሄ

ዘይት ቀይሩ፣ ጎማ ንፉ፣ የባትሪ ተርሚናል አጥብቁ አልልም። እሱን ታውቃላችሁ። ይህ ጽሑፍ አሮጌ ፎር ዊል አምቡላንስ ገዝቶ ለጭቃና ለድንጋይ መንገድ ሊያዘጋጅ ለተነሳ ሰው ነው። እጄ ላይ የገቡት አብዛኞቹ ላንድክሩዘር 75 እና 78 ናቸው። ችግሩ ግን በሌላውም መኪና ያው ነው።

አምቡላንስን ስትገዙ ኪሎሜትሩን አትመኑት። ሞተሩ እየሠራ ቆሞ ያሳለፈው ሰዓት እዚያ ላይ አይቆጠርም። ከሁሉ በላይ ግን ይቺን ያዙ፦ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ሳይረን፣ መብራትና ሬዲዮ ገጥሞበታል። ሊሸጥ ሲል ደግሞ ሌላ ሰው በችኮላ ነቅሎታል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነቀላ ነው።

ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት አልነሳ አለ

ይህን ስንት ጊዜ እንደሠራሁት ቆጥሬ አልጨርስም። ሰው መጀመሪያ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ሳምንት ይሠራና ያው ይሆናል። ከዚያ ዲናሞ ይቀየራል። ከዚያ ሞተሪኖ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው። አንድ ደንበኛ ሦስት ባትሪ ተራ በተራ ገዝቶ ነው የመጣልኝ። ሦስቱም ጤነኛ ነበሩ። ሳይረኑን የነቀለው ሰው ከውጭ የሚታየውን ጥሩምባ ብቻ ወስዶ ማጉያውን ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ካለው ሽፋን ውስጥ ትቶታል። ማጉያው ቀን ከሌት ግማሽ አምፒር ይጠጣል።

ግማሽ አምፒር ምንም አይመስልም። ግን 60 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪን በ120 ሰዓት ባዶ ያደርገዋል። አምስት ቀን ማለት ነው። ሞተሪኖው ደግሞ ባዶ እስኪሆን አይጠብቅም፣ ቀድሞ እጅ ይሰጣል።

ሌባውን እንዲህ ፈልጉት። ቁልፉን አውጡ። የበሩ መብራት መጥፋቱን አረጋግጡ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱና ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 10 አምፒር ላይ አድርጋችሁ በገመዱና በባትሪው መሃል አስገቡት። ሁለት ባትሪ ካለው እያንዳንዱን ለየብቻ ለኩ። ሰዓትና የሬዲዮ ሜሞሪ ብቻ ያለው መኪና ከ50 ሚሊአምፒር በላይ ሊያሳይ አይገባም። ካሳየ ፊውዝ አንድ በአንድ ንቀሉ። ቁጥሩ ዝቅ ያለበት መስመር ላይ ሌባው አለ። ቴስተሩ እዚያ እያለ ሞተር ለማስነሳት የሞከረ ሰው አዲስ ቴስተር ይግዛ።

እዚህ ላይ አምቡላንሱ ጉዱን ያሳያል። ፊውዙን በሙሉ ነቅላችሁም ቁጥሩ ንቅንቅ ላይል ይችላል። አንዳንዴ የዲናሞው ዳዮድ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ አሳልፎ ነው። ባትሪውን ለይታችሁ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፍቱና እንደገና ለኩ። ካልተለወጠ ግን የተጨመረ ሽቦ አለ። እንዲህ ዓይነቱ ሽቦ በፋብሪካው ፊውዝ ሳጥን አያልፍም፣ ቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ የተጠለፈ ነው። ስለዚህ ከፖዘቲቩ የሚነሱትን ሽቦዎች ቁጠሩ። አንዱ ላይ 11 ቆጥሬአለሁ። ሥራ የነበራቸው ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

እያንዳንዱን ሽቦ እስከ ጫፉ ተከትላችሁ አውጡት። የጣሪያው ሽፋን ይፍታ፣ ወለሉ ይነሳ፣ ግድ ነው። ቆርጦ፣ ጠቅልሎ፣ ሽፋኑን መልሶ መግጠም ጥገና አይደለም። አንድ መኪና ከጣሪያው ጭስ እየወጣ ተጎትቶ መጣ። ለሚሽከረከረው መብራት ይሄድ የነበረው ሽቦ ተቆርጦ፣ ፊውዝ ሳይኖረው፣ ጫፉ በሕክምና ፕላስተር ተጠቅልሎ ተትቷል። በሕክምና ፕላስተር! መቼስ መኪናው አምቡላንስ ነው ተብሎ ይሆናል። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ፕላስተሩ ተልጦ መዳቡ ጣሪያውን ነካ። ባለቤቱ ከውስጥ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።

አዲስ መስመር ስትዘረጉ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው በቅርብ ይሁን፣ ከአንድ ስንዝር አይራቅ። ፊውዙ የሚመረጠው ለሽቦው ውፍረት ነው። ፓውዛው ፊውዝ እያቃጠለ አስቸገረኝ ብሎ 15ቱን አውጥቶ 30 የሚሰካ ሰው እሳት እየጋበዘ ነው። ሽቦው ብረት አቋርጦ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎማ አልብሱ። ጠምዝዞ በናስትሮ ማሰር የለም፣ በደንብ የተጨመቀ ተርሚናል ተጠቀሙ።

ሌላው የዚሁ በሽታ ዘመድ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው። ሞተር ሲነሳ ያገናኛል፣ ሲጠፋ መለየት አለበት። ሲያረጅ ግን ውስጡ ተቃጥሎ ይጣበቃል። ከዚያ ከኋላ ያለው ፍሪጅ የሞተሩንም ባትሪ ይዞት ይሞታል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ጥቂት ቆዩና መብራት አብርታችሁ ሁለተኛው ባትሪ ላይ ጫና ጨምሩ። የመጀመሪያው ባትሪ ቮልትም አብሮ ከወረደ ሪሌው ተጣብቋል። ስትቀይሩ በርካሹ አትታለሉ። ላዩ ላይ 100 አምፒር የሚል የተጻፈበትን አንዱን ከፍቼ አይቻለሁ። መዳቡ እንደ ወረቀት የሳሳ ነበር።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን መኪናው 12 ይሁን 24 ቮልት አረጋግጡ። በተለይ ከጦር ሠራዊት የወጣ ከሆነ። 24ቱ ላይ ባለ 12 ሬዲዮ ገጥሞ ሽታውን ያሸተተ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ባትሪው ሙሉ ነው፣ ሞተሪኖው ግን እያቃሰተ ነው

የኔጌቲቭ ገመድ። ሞተሪኖው እየዞረ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ለኩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ተበልቷል ወይም የታሰረበት ቦታ ዝጓል። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቃችሁ እሰሩ።

ከፍ ካደረግሁት በኋላ ፍሬኑ ሰነፈ

ብዙዎቹ ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘች ቫልቭ አለች። መኪናው ሲጫን የኋላ ፍሬን ላይ ግፊት ትጨምራለች፣ ባዶ ሲሆን ትቀንሳለች። ባሌስትራ ቀይራችሁ አካሉን 5 ሳንቲሜትር ስታነሱት ባዶ የሆነ ይመስላታል። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ የፊቱ ፍሬን ብቻውን ይቃጠላል። መፍትሄው የቫልቯን ማሰሪያ ወይም ዘንግ በተነሳው ልክ ማስተካከል ነው። ነቅሎ መጣል አይደለም። የነቀላት ሰው ባዶ መኪናውን እርጥብ መንገድ ላይ ሲያቆም ኋላው ቀድሞት ዞሯል።

መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ከጥምዝ ሲወጣ አይመለስም

ከ70 ኪሎሜትር በላይ ሲሆን እጅ የሚያስለቅቅ መንቀጥቀጥ ከመጣ የፊት ጎማውን አንስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ። የሚጫወት ከሆነ የጎማውን ወይም ጎማው የሚጠመዘዝበትን ኩሽኔታ እዩ። ከዚያ የመሪ ቴስቲናዎችና የአክስሉ ቡሾች አሉ። አዲስ የመሪ ሾክ ገጥሞ መገላገል በሽታውን መደበቅ ነው።

የማይመለስ መሪ ሌላ ነው። መኪናው ከፍ ሲል አክስሉ ይዞርና መሪውን የሚመልሰው ዝንባሌ ይጠፋል። የፊቱ ባሌስትራ ከሆነ በሽብልቅ፣ ሞላ ከሆነ ደግሞ መሃሉ በተዛነፈ ቡሽ ይስተካከላል።

ከፊት ጎማ ጀርባ ጥቁር ቀጭን ዘይት ይወርዳል

የዲፈረንሻሉ ዘይት የውስጡን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) አልፎ ከግራሶው ጋር ተቀላቅሏል። ኦይል ሲሉን ከመቀየራችሁ በፊት ግን የአክስሉን መተንፈሻ እዩ። ዲፈረንሻል ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ አየሩ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋዋል። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በአንዴ ይቀዘቅዝና ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ዛሬውኑ ቀይሩ። መተንፈሻውን በቀጭን ጎማ ቱቦ እስከ ኮፈኑ ስር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ይህን ሳያደርግ ኦይል ሲል ብቻ የቀየረ ሰው በሌላ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ወለሉ ይሸታል

ፕላስቲኩን አንሱ። ለዓመታት በክሎሪን ሲታጠብ የኖረ ወለል ነው፣ ክሎሪን ደግሞ ብረት ይበላል። ጫማ የሚያስገባ ቀዳዳ ካገኛችሁ አትደንግጡ። ብየዳ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ፎር ዊል ገብቶ ፊቱ ካልሳበ ካምቢዮ ከማውረዳችሁ በፊት የጎማውን ሃብ (ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚቆልፈውን) እዩ። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ መብራቱ የነበረበትን ቀዳዳ ድፈኑ። የኦክስጅን ቧንቧ ከተገኘ ዘይትና ግራሶ አታስጠጉ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያውጣው።

ምልክቱ

ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ እ.ኤ.አ. በ1949 በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቁ ምልክቶች ናቸው። የግል መኪና ላይ አይቀመጡም፣ ይነሱ። ችግሩ ተለጣፊውን ስትልጡት ከሥሩ ያለው ቀለም ፀሐይ አላገኘውምና ምልክቱ ከሩቅ ይታያል። ለአንድ ደንበኛዬ ቀለም ቀባው ብዬው ሽቦው ሲያልቅ ይደርሳል ብሎኝ ሄደ። መንገድ ላይ ሰዎች አስቁመው ምጥ የያዛት ሴት ጫኑበት። አደረሳት። በማግስቱ ለቀለም መጣ።