ከፖሊስ ጣቢያ ለሚመጣ ጥሪ ጨረታ ስትገቡ

በእንግሊዝና በዌልስ በፖሊስ ቁጥጥር ስር ላለ ሰው በስልክ የሕግ ምክር የመስጠቱን ሥራ የሕግ ድጋፍ ኤጀንሲ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ አወዳድሮ ያሠራል። እኔ ለዓመታት በሌሊት ፈረቃ እነዚህን ጥሪዎች ስመልስ ቆይቼ ነው የጨረታ ሰነድ ወደ ማዘጋጀት የገባሁት። የማያቸው አብዛኞቹ ሰነዶች ስለ ድርጅቱ ያወራሉ፤ ስልኩን የያዘው እስረኛ ግን የለባቸውም።

መጀመሪያ የሥራውን ወሰን ለዩ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ አንቀጽ 58 የተያዘ ሰው ጠበቃን በግል እንዲያማክር መብት ይሰጠዋል። ምክሩም በነጻ ነው። በስልክ የሚያልቁት በአብዛኛው እስራት የማያስከትሉ ጥፋቶች፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ፣ የዋስትና ግዴታ መጣስና ጠጥቶ ማሽከርከር ናቸው። ፖሊስ ቃል ሊቀበል ከሆነ፣ ወይም ሰውየው በስልክ መግባባት ካልቻለ፣ ጉዳዩ በአካል ወደሚሄድ ጠበቃ መተላለፍ አለበት። ይህን የማስተላለፍ ሂደት ደረጃ በደረጃ ጻፉት፦ ማን ይወስናል፣ የት ይመዘገባል፣ እስረኛው ማን እንደሚመጣለት በምን ያውቃል? «እንደ አስፈላጊነቱ እናስተላልፋለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ነጥብ አያስገኝም፤ ሊያስገኝም አይገባም።

ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ነገር ምስጢር ነው። ጥሪው ብዙ ጊዜ የሚነሣው መዝገብ ከሚያዝበት ጠረጴዛ አጠገብ ነው፤ የእስረኞች ኃላፊ የሆነው ሳጅን እዚያው ይቆማል፣ ከጎን ሌላ እስረኛ ይፈተሻል። የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ «አጠገብህ የሚሰማ ሰው አለ? አዎ ወይም የለም ብቻ በል» የሚል ነበር። «አዎ» ካለ፣ ለብቻው እንዲያነጋግረኝ ሳጅኑን እጠይቃለሁ፤ እምቢ ከተባልኩ እምቢታውን ከነሰዓቱ እመዘግባለሁ። ስለ ጥራት የሚጠይቀውን ክፍል ስትመልሱ እንዲህ ያለውን አሠራር አስፍሩ። ገምጋሚው ስልኩ ላይ ምን እንደሚባል ማየት አለበት።

ፍጥነትንም በምሳሌ አሳዩ። ጠጥቶ በማሽከርከር የተያዘ ሰው ጠበቃ እስኪደውልለት ድረስ የትንፋሽ ምርመራው አይዘገይለትም። ያለ በቂ ምክንያት ናሙና አልሰጥም ማለት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ዘግይታችሁ ከደወላችሁ ምክሩ ለዚያ ሌሊት አይጠቅምም።

የሰው ኃይል ስሌት ብዙ ተጫራች የሚወድቅበት ቦታ ነው። አንድ የጥሪ መላሽ ወንበር ሳምንቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት ሰው እንዲኖረው 168 ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 37 ሰዓት ቢሠራ፣ የዓመት ፈቃድና ሕመም ሲታከልበት አምስት ሰው አይበቃም። መጀመሪያ ላይ በሠራሁበት አንድ ጨረታ የጥሪውን ብዛት በቀን አማካይ አስልተን ነበር። አርብና ቅዳሜ ሌሊት መስመሩ ሲጨናነቅ የተያዙ ሰዎች መልስ ሳያገኙ ጠበቁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ የጥሪው ብዛት በየሰዓቱ ካልተዘረዘረ፣ የማብራሪያ ጥያቄ ማቅረቢያው ጊዜ ሳያልፍ ጠይቁ። ነባሩ አቅራቢ ሠራተኞች ካሉትም እ.ኤ.አ. የ2006 የሠራተኞች ዝውውር ደንብ ይመለከታችሁ እንደሆነ አጣሩ፤ ሠራተኞቹ ከነደመወዛቸውና ከነመብታቸው ወደ እናንተ ሊተላለፉ ይችላሉ፣ ይህም ዋጋችሁን ይለውጠዋል።

ዋጋ ለማሳነስ ብላችሁ የሌሊት ተቆጣጣሪ ጠበቃን አትቀንሱ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ አማካሪ ሲጠራጠር የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።

የፈረቃ ሠንጠረዡን ከመላካችሁ በፊት ሌሊት ለሠራ ሰው አስነብቡት፤ የዋጋ ቅጹን የምትሞሉት እሱ ካረመው በኋላ ይሁን።