ከግቢው ውሻ እስከ በዓሉ በግ፦ ከእንስሳት የሚመጣን በሽታ ደጃፍ ላይ እንዴት ማስቀረት ይቻላል?

በእንቁጣጣሽ ማግስት ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ድልድይ በእግርዎ ቢወርዱ የበግ ቆዳ በየአጥሩ ሥር ተከምሮ ያገኛሉ። ከጎኑ አንጀትና ሳንባ ተጥሏል፤ ሁለት ሦስት ውሾች ይሻሙበታል፤ ውሾቹ የተዉትን ደግሞ ዝናቡ ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ባለሙያዎች «አንድ ጤና» የሚሉት ነገር፣ ማለትም የሰው፣ የእንስሳትና የአካባቢ ጤና የተሳሰረ ነው የሚለው ሐሳብ፣ እዚያ አጥር ሥር ተዘርግቶ ይታያል።

ሰውን ከሚያጠቁት ተላላፊ በሽታዎች ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ከእንስሳት ጋር የምንጋራቸው ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት ስትመርጥ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ (በጥሬ ወተት የሚተላለፍ ተመላላሽ ትኩሳት)፣ ሌፕቶስፓይሮሲስ (በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ) እና ሃይዳቲድ (ከውሻ ትል የሚመጣ እብጠት) ተመዘገቡ። ስማቸው ያስፈራል። ሁሉም ግን ከእንስሳ ወደ ሰው የሚደርሱት በታወቀ መንገድ ስለሆነ፣ ከታች ያሉት እርምጃዎች መንገዱን በርካሹ ቦታ ላይ ስለ መዝጋት ናቸው።

1. ውሻውን ያስከትቡ፤ የሰፈሩንም ጭምር

በዚህ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። ድመትም እንደዚያው።

ችግሩ የእርስዎ ውሻ ብቻ መከተቡ 70 በመቶ አይሞላም። ስለዚህ ጉዳዩን ለእድሩ ያቅርቡ። አንድ ቅዳሜ ቀጥሮ የእንስሳት ሐኪም ማስመጣት፣ ገንዘቡን በየቤቱ ማዋጣት፣ የተከተበውን አንገቱ ላይ ቀለም ያለው ጨርቅ ማሰር፤ ከዚህ የከበደ ሥራ የለውም። ባለቤት የለውም የሚባለው ውሻ እንኳ ፍርፋሪ የሚጥልለት ሰው አያጣም፤ ያንን ሰው ፈልጉ፣ ውሻውን የሚይዝላችሁ እሱ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ሰዎቹ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደው ውሾቻቸው ፍርስራሹ ላይ ሲጠብቁ አይቻለሁ፤ የሚለቁ ቤተሰቦች ካሉ ይህን አስቀድማችሁ አንሡባቸው። ውሾቹን በመርዝ መግደል መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። የሞተውን ቦታ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይይዘዋል እንጂ ምንም አይለወጥም።

2. ንክሻ ከደረሰ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች በውኃና በሳሙና ያሳልፉ

ባለፈው ዓመት ግቢያችን ውስጥ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ባቱ ላይ ተነከሰ። አንዷ ጎረቤት የቡና ዱቄት ይዛ ሮጠች፣ ሌላው የሚያውቀውን የባህል መድኃኒት አዋቂ ስልክ መፈለግ ጀመረ። ውኃው በፈረቃ ነው፤ ያን ዕለት ተራው የእኛ አልነበረም። ከጀሪካን በጆግ እየቀዳን፣ በላርጎ ሳይሆን በተራ የልብስ ሳሙና፣ ቁስሉን አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አጠብነው። ልጁ ጮኸ፣ እናቱ «በቃ፣ ጸድቷል» አለች፤ እኛ ሰዓት እያየን ቀጠልን። ሁለት ጀሪካን አለቀ።

ይህ እጥበት የዕለት ተዕለት ንጽሕና አይደለም። ቫይረሱ ያለው በውሻው ምራቅ ውስጥ ነው፤ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እስኪጓዝ ድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር። በሳሙና የታጠበው ቫይረስ ጉዞውን ሳይጀምር የቀረ ነው። ፊትና ራስ አካባቢ የደረሰ ንክሻ መንገዱ አጭር ስለሆነ የበለጠ ያስቸኩላል። ከታጠበ በኋላ አዮዲን ወይም አልኮል ይቀቡበት። ቡና፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አመድ አይነስንሱበት፤ በጨርቅም ጠፍረው አይሰሩት።

ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ። ክትባቱ በየቦታው ስለማይገኝ አስቀድመው ይደውሉ፤ እኛ መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ጣቢያ «አልቋል» ብሎ ወደ ሌላ ልኮናል። መርፌው የሚሰጠው በመጀመሪያው ዕለት፣ ከዚያ ከሦስት፣ ከሰባት እና ከአሥራ አራት ቀናት በኋላ ነው፤ በአንዳንድ አሰጣጥ በ28ኛው ቀንም ይጨመራል። ቆዳ ለተበሳበት ንክሻ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን (ቫይረሱን ወዲያው የሚዋጋ ዝግጁ መከላከያ) ሊያስፈልግ ይችላል፤ የመንጋጋ ቆልፍንም ክትባት ይጠይቁ። ታላላቆቻችን የሚያስታውሱት፣ ጉለሌ ፓስተር ሄደው በየቀኑ ሆዳቸው ላይ ይወጉት የነበረው ከበግ አንጎል የተሠራው ክትባት የድሮ ታሪክ ነው፤ በእሱ ፈርተው ልጅ አያስቀሩ።

ውሻውን አይግደሉት። የሚታሰር ከሆነ አስረው ለ10 ቀናት ይከታተሉት፤ እስከ አሥረኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰ ጊዜ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም በዚያ መሠረት የቀሩትን መርፌዎች ሊያስቆም ይችላል። የመጀመሪያውን መርፌ ግን የውሻውን ውጤት በመጠበቅ አያዘግዩ። ውሻው ከሞተ ደግሞ ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሉ ስለሆነ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጭንቅላቱን በድንጋይ መቀጥቀጡ ማስረጃውን ማጥፋት ነው። የእኛው ውሻ በአሥረኛው ቀን ገመዱን በልቶ ጠፋ፤ በማግሥቱ ሥጋ ቤቱ በር ላይ በሙሉ ጤና ተገኘ።

3. የበዓል እርድ፦ ሳንባውን ለውሻ አይጣሉ

በጉ ከታረደ በኋላ ሳንባውንና ጉበቱን በእጅዎ ዳብሰው ይመልከቱ። ውኃ የቋጠረ፣ ነጣ ያለ፣ ሲጫኑት የሚወጠር እብጠት ካገኙ ሃይዳቲድ ሊሆን ይችላል። እብጠቱ ያለበት በግ በቀጥታ ሰው አያሲዝም፤ የሚያሲዘው ውሻው ነው። ውሻው ያንን ሳንባ ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ትሎች ያድጋሉ፤ እንቁላላቸው ከሰገራው ጋር ወጥቶ በፀጉሩ፣ በአፈሩ፣ በጓሮ ጎመኑ ላይ ይቀመጣል። ውሻውን አቅፎ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ የሚቆርስ ልጅ እንቁላሉን ይውጣል። እብጠቱ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድግና አንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ውሻ ሊቆፍረው የማይችል ጥልቅ ጉድጓድ ነው። መቅበሪያ የሌለው ግቢ ሳንባውን በደንብ ቀቅሎ ለውሻው ይስጥ። ውሻዎንም የትል መድኃኒት ይስጡት።

ቅርጫ የምትገቡ ደግሞ በሬው በቄራ ቢታረድና ቢመረመር ይሻላል። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣው እንስሳ ከገጠማችሁ ቢላ አታንሡ። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሬሳው ሲከፈት ጀርሙ ወደ አፈር ይገባል፤ እዚያም ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። «ነፍሱ ሳትወጣ ልረደው» የሚባለው ነገር ብልት ያወጣውንም፣ የበላውንም፣ ከዓመታት በኋላ እዚያ የሚግጠውንም እንስሳ ያሳምማል። የአካባቢውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርታችሁ ጠብቁ።

4. ጥሬ ሥጋ ከተበላ እንዴት ይበላ?

ጥሬ ሥጋ ተዉ የሚል ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ አንባቢ እንደማያገኝ አውቃለሁ፤ እኔም ለራሴ አልታዘዝኩም። ግን የኮሶ ትል የሚመጣው ከየት ነው? ከሰው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ በሚጨምረው ሰገራ እንቁላሉ ሣር ላይ ያርፋል፣ በሬው ሣሩን ይግጣል፣ ጡንቻው ውስጥ ጥቃቅን ከረጢት ይሠራል፣ እኛ ቆርጠን በአዋዜ እንበላዋለን። አዋዜውም፣ ሚጥሚጣውም፣ አረቄውም አይገድለውም። ለብ ለብ ያለ ክትፎም እንዲሁ። መርማሪው የመንጋጋና የልብ ጡንቻ ሠንጥቆ ያያል፤ ጥቂት ከረጢት ያለው በሬ ግን ሊያመልጠው ይችላል።

እንግዲህ ማኅተም ያለበትን ይግዙ፤ ከተቻለ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በበለጠ ቅዝቃዜ ለ10 ቀናት ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቀኑን እንደገና ይቁጠሩ። ትል ከያዘዎት በሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ይውሰዱ። ድሮ በየሁለት ወሩ የሚጠጣው ኮሶ ፊትን እንዴት እንደሚያጠቁር ያየ ሰው ለክኒኑ ምስጋና አያንሰውም። ሽንት ቤቱን ወደ ወንዝ የሚለቅ ግቢ ደግሞ የራሱን ክትፎ እየበከለ ነው።

5. ወተቱን ያፍሉ፣ ከዚያ እርጎ ያድርጉት

ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። በጠርሙስ ቤት ድረስ የሚመጣው ወተት ትኩስ መሆኑ ንጹሕ አያደርገውም። እርጎ መሆኑም ጀርሙን አስተማማኝ አድርጎ አይገድልም። ወተቱን ገንፍሎ እስኪነሣ ያፍሉት፣ ለብ እስኪል ያቀዝቅዙት፣ አንድ ማንኪያ እርጎ ጨምረው ይከድኑት፤ በማግሥቱ ይረጋል። ጣዕሙ ትንሽ ይለያል፣ አልዋሽም።

6. ጎመንና ጎርፍ

በወንዝ ዳር የበቀለ ሰላጣ ጥሬውን ከመብላት ጎመን ቀቅሎ መብላት ይሻላል። በክረምት ጎርፍ ውስጥ የአይጥ ሽንት ስላለበት በባዶ እግርና በቁስል አይግቡበት፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ በዚያ በኩል ይገባል።

7. ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ስለ እንስሳቱ ይናገሩ

ቤት ውስጥ ምን እንስሳ እንዳለ፣ ውሻው መከተቡን፣ ወተቱ መፍላቱን፣ የበዓሉን በግ ማን እንዳረደው ሳይጠየቁ ይንገሩ። አንድ የማውቀው የካዛንቺስ ሰው የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የወገብ ሕመም ይዞት ሦስት ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። አራተኛዋ ሐኪም ወረቀቶቹን ወደ ጎን አድርጋ «ወተት ከየት ነው የሚጠጡት?» አለችው። እህቱ ከሱሉልታ በየሳምንቱ የምትልክለት የጥሬ ወተት ጀሪካን ትዝ አለው።