ኬኩ ለምን መሃሉ ገባ? የኢንተርኔት ሬሲፒ አዲስ አበባ ላይ ሲያስቸግር

ሬሲፒውን ቃል በቃል ተከትላችኋል። ዱቄቱም እንቁላሉም ልክ ነው። ኦቨኑ ውስጥ ሲያብጥ በመስታወቱ አይታችሁ ደስ ብሏችኋል። ሲወጣ ግን መሃሉ ገብቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እጄ ለኬክ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከፍታውን ነው። ቀጥሎ ኦቨኑን፣ ከዚያ መለኪያውን። እጅ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ስልካችን ላይ የምናገኛቸው አብዛኞቹ ሬሲፒዎች ደግሞ ለቆላ ከተሞች የተጻፉ ናቸው። ዱባይ ያለችው እህታችሁ ከነፎቶው የላከችላችሁ ኬክ እሷ ዘንድ ያማረው በትክክል ስለተሠራ ነው። እዚህ ግን ማስተካከያ ይፈልጋል። ድሬዳዋ ያላችሁ ብዙም አይነካችሁም። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ ከእኛም በላይ ትቸገራላችሁ።

አብጦ መሃሉ የሚገባ ኬክ

መጀመሪያ መቼ እንደወደቀ ለዩ። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ገና ኦቨን ውስጥ እያለ ከወደቀ፣ ሲቆረጥም ቀዳዳው ትልልቅና ሻካራ ከሆነ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ በዝቷል። ግፊቱ ዝቅ ባለበት ቦታ ጋዙ በጣም ይለጠጣል። ሊጡ በስሎ ሳይጸና አረፋዎቹ ይፈነዳሉ፣ ኬኩም ይወድቃል። ስለዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ለሚለው ሦስት ሩብ ብቻ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ይኸው ብቻ ይበቃል።

ካልበቃ ወደ ስኳሩ ሂዱ። ስኳር ሲበዛ ሊጡ ቶሎ አይጸናም። በእያንዳንዱ 200 ግራም ስኳር ላይ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ። ጣዕሙ ላይ ማንም አያስተውለውም፤ እንዲያውም «አሁን ገና ተመጠነ» የሚል እንግዳ አይጠፋም። ቀጥሎ ፈሳሹ ነው። እዚህ እርጥበት ቶሎ ይተናል፤ በእያንዳንዱ ኩባያ ወተት ወይም ውሃ ላይ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። በመጨረሻ የኦቨኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጉና ከተባለው ሰዓት ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ቀድማችሁ ማየት ጀምሩ። አራቱንም በአንድ ቀን አትለውጡ። ኬኩ ሲያምር የትኛው እንደሠራ አታውቁትማ።

እንቁላልንም አትርሱ። የፈረንጅ ሬሲፒ የሚያስበው ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም የሚሆን እንቁላል ነው። የሐበሻ እንቁላል ከዚያ ያንሳል። ሁለት ለሚለው ሦስት ብታደርጉ አትጸጸቱም። እንቁላል ሊጡን የሚያጸና ነገር ስለሆነ ከፍታ ላይ ወዳጅ ነው።

ኬኩ ደህና ሆኖ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ከወደቀ ግን፣ መሃሉም እንደ ሊጥ ከረጠበ፣ አልበሰለም ማለት ነው። ስቴኪኒ መሃሉ ላይ ሰክታችሁ ንጹሕ ሆኖ መውጣት አለበት። በጣት ጫን ሲሉት መልሶ ቀና ይበል፣ ጠርዙም ከመጋገሪያው ትንሽ ይላቀቅ። ሲበስል ላዩ ሳይጸና በሩን እየከፈታችሁ ካያችሁትም ውጤቱ ያው ነው።

በተመታ እንቁላል ብቻ የሚያብጥ ስፖንጅ ኬክ የራሱ ጠባይ አለው። ነጩን እስኪደርቅና ቀጥ ብሎ እስኪቆም አትምቱት። ጫፉ ጎንበስ ሲል አቁሙ፤ የቀረውን ኦቨኑ ውስጥ ይለጠጥበታል።

ውጪው አርሮ ውስጡ ጥሬ

አሁን ኦቨኑን ጠርጥሩ። መጀመሪያ ግን ዲግሪውን ተመልከቱ። የአሜሪካ ሬሲፒ 350 ሲል ፋራናይት ነው፤ በእኛ 177 ነው። 325 ወደ 163፣ 375 ወደ 190 ይሆናል። ኦቨናችሁ በሴንቲግሬድ የተሠራ ሆኖ እስከ መጨረሻው አዙራችሁት ከሆነ ምርመራው እዚህ ላይ አለቀ።

ዲግሪው ልክ ሆኖም ካረረ፣ መዞሪያው ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ያገለገለ ኦቨን በ20 እና በ30 ዲግሪ ቢሳሳት አይገርምም። የኦቨን ቴርሞሜትር ካላገኛችሁ በስኳር መፈተን ይቻላል። ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኦቨኑን 180 ላይ አሙቁና አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ ለ15 ደቂቃ አስቀምጡ። መቅለጥ የለበትም። ከቀለጠ ኦቨኑ ከሚናገረው በላይ ይሞቃል። ከዚያ 190 ላይ አድርጋችሁ ድገሙ፤ አሁን መቅለጥ አለበት። ካልቀለጠ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ልዩነቱን ኦቨኑ ጎን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ።

የላይኛው ማሞቂያ በርቶ እንዳልሆነ እዩ። መጋገሪያውን መሃለኛው ረድፍ ላይ አድርጉ። ላዩ ቶሎ ከጠቆረ፣ ከጸና በኋላ በፎይል ሸፍኑት። ሌላው፣ ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ የመብራቱ ኃይል ይደክማል። ኦቨኑ እዚያው ዲግሪ ላይ ያለ ይመስላል፣ ግን አይደርስበትም። ሊጡን ከመቀላቀላችሁ በፊት ቢያንስ 20 ደቂቃ አሙቁት፤ ከቻላችሁ ደግሞ ማለዳ ጋግሩ።

መሃል ላይ መብራት ሲሄድ

በሩን አትክፈቱ። የኬኩ ላይ መንቀጥቀጡን ካቆመ በኋላ ከሆነ የታመቀው ሙቀት ሊጨርሰው ይችላል፤ ቆይታችሁ በስቴኪኒ እዩት። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሆነ ግን ተስፋው ጠባብ ነው። ሲሊንደር ያላችሁ ወፍራም ድስት ውስጥ ማስቀመጫ አድርጉ፣ ባዶውን አሙቁት፣ መጋገሪያውን አስገብታችሁ ከድኑና በዝቅተኛ እሳት ጨርሱት። ላዩ ቡናማ አይሆንም፣ ኬክ ግን ይሆናል። የወደቀውንም አትጣሉ። ቆራርጣችሁ በብርጭቆ ከክሬምና ከማንጎ ጋር ስትደራርቡት ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ጭራሽ ያላበጠ፣ ድፍን ያለ

ሱቅ በላስቲክ ተቋጥሮ የተገዛ ቤኪንግ ፓውደር እርጥበት ነክቶት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ሙቅ ውሃ ላይ ጣል አድርጉበት። ወዲያው ካልተንተከተከ ሞቷል። ቤኪንግ ሶዳን ደግሞ በኮምጣጤ ፈትኑ።

እሱ ደህና ከሆነ መለኪያው ነው። የአሜሪካ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ቤት ያለው የሻይ ብርጭቆ አይተካውም። በማንኪያ እየተጨመረ የተሞላ ኩባያ 120 ግራም ያህል ዱቄት ይይዛል። ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ነክራችሁ ጠቅጥቃችሁ ካወጣችሁት 150 ሊደርስ ይችላል። ሦስት ኩባያ ላይ ይህ ኬኩን ዳቦ ያደርገዋል። ለዚህ ሥራ አንድ ዕቃ ብቻ ግዙ ብባል ከማሽንም ከፎርማም በፊት የኩሽና ሚዛን እላለሁ። ዱቄት ከገባ በኋላም ብዙ አታሹት። ነጩ እንደጠፋ አቁሙ።

ሬሲፒው በተርሚልክ ካለና ከሌላችሁ፣ በውሃ የቀጠነ እርጎ ይሆናል። አሬራም ጥሩ ነው። ዕቃው የታጠነ ከሆነ ግን የወይራ ጭሱ ኬኩ ላይ ይሸታል፤ ለቸኮሌት ኬክ እንጂ ለቫኒላ አልመክርም።

እንደ ውሃ የተዘረጋ ኩኪስ

ቅቤው ከሚገባው በላይ ቀልጧል፣ ወይም ኦቨኑ ሳይሞቅ ገብቷል። ጠፍጥፋችሁ የደረደራችሁትን ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡት። የተነጠረ ቅቤ አትጠቀሙ፤ ውሃው ስለወጣ ጠባዩ ሌላ ነው፣ ኮረሪማውም ከቸኮሌት ጋር አይስማማም። የገበታ ቅቤ ይሻላል። የስኳሩ ፍሬ ደንደን ያለ ከሆነ በብሌንደር ትንሽ አድቅቁት፤ ከቅቤው ጋር ቶሎ ይዋሃዳል።

ሳሙና ሳሙና የሚል የጾም ኬክ

ሶዳው በዝቷል ወይም የሚያጣፋው አሲድ አንሷል። ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የሚሠራው የተለመደው ኬክ ለአንድ ኩባያ ተኩል ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳና አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ሶዳውን ሦስት ሩብ አድርጉና ኮምጣጤውን አትንኩ። ኮምጣጤው እንደገባ ወዲያው ወደ ኦቨን ይግባ። ይህ ሊጥ ስልክ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ጋዙ እዚያው ያልቃል።

ቶሎ ኩፍ ብሎ የሚኮማተር የቀረፋ ዳቦ

እርሾ ያለበት ሊጥ ከፍታ ላይ ይቸኩላል። ሬሲፒው አንድ ሰዓት ተኩል ሲል እናንተ ዘንድ 50 ደቂቃ ሊበቃው ይችላል። ድፎ ዳቦ የሚጋግሩ እናቶች ሰዓት አያዩም፣ ሊጡን ነው የሚያዩት። መጠኑ እጥፍ ሲሆን ይብቃ። ጣት ስትጫኑበት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎታል፤ እንደገና አሽታችሁ ጠቅልሉት። እርሾውንም በሩብ ቀንሱ።

ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ክሬም ካራሜል

እሳት በዝቶበታል። ሳህኑን ሙቅ ውሃ ያለበት ትሪ ውስጥ አድርጉ፣ ኦቨኑን 160 ላይ አውርዱ። መሃሉ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ አውጡት፤ ሲቀዘቅዝ ይጸናል። በቴርሞሜትር የሚሠራ የስኳር ሽሮፕ ካለ ደግሞ ከተባለው 8 ዲግሪ ቀንሱ፤ 115 ለሚለው 107። ውሃ ሳይገባበት በደረቁ የሚቀልጠውን ካራሜል ግን ከፍታው አይነካውም።

ጊዜ የለኝም ለምትሉ

ደረቅ ደረቁን እሁድ መዝናችሁ በማሰሮ ወይም በላስቲክ አስቀምጡ፤ ላዩ ላይ የሚጨመረውን ፈሳሽ ጻፉበት። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስትገቡ የሚቀረው መቀላቀል ብቻ ነው። አዲስ ሬሲፒ ስትሞክሩ ግማሹን ሥሩ። አራት እንቁላል የሚለው በሁለት ይሆናል፣ ቢበላሽም የሚያስቆጨው ያንሳል። ሦስት የሚለውን ግን በሚዛን ካልሆነ አትከፍሉትም፤ መትታችሁ በግራም አካፍሉ። ትንሹ ኬክ ቶሎ ስለሚደርስ 20ኛው ደቂቃ ላይ ማየት ጀምሩ። የልደት ኬክ ከሆነ ደግሞ ከልደቱ በፊት ባለው ቅዳሜ አንዴ ይጋገር።