የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ትልቅ ሰው ለሕክምና ማዘጋጀት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው 50 ዓመት ቢሞላውም በቤቱ እንደ ልጅ ስለሚታይ፣ የእርጅና ሕመም ይይዘዋል ብሎ የሚያስብለት የለም። ደም ግፊቱ አይለካም፣ ስኳሩ አይታይም፣ ዓይኑ በሞራ ሲሸፈን «ድሮም አያስተውል» ይባላል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስም መጮኹና ራሱን መምታቱ በውስንነቱ ይሳበብና የታመመው ጥርስ ሳይታይ ይመለሳል። ይህን ለማስቀረት ቤተሰቡ አንድ ወረቀት ጽፎ ይዞ ይሂድ።

ወረቀቱ

የደብተር ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል በደህናው ጊዜ ምን ያህል እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚተኛ፣ ሽንት ቤት ብቻውን ይሄድ እንደሆነ፣ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ ጻፉ። በቀኝ በኩል የተለወጠውን ብቻ፣ ከነቀኑ። ሐኪሙን ከሁሉ በላይ የሚረዳው ቀኑ ነው፦ በሁለት ሦስት ቀን የመጣ መደናገር አብዛኛውን ጊዜ ከሽንት ወይም ከሳንባ ኢንፌክሽን፣ ከሆድ ድርቀት ወይም ከአዲስ መድኃኒት ነው። በወራት ቀስ እያለ የመጣ ከሆነ የመርሳት በሽታ፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ሥራ ማነስ፣ የዓይን ወይም የጆሮ መድከም ይጠረጠራል። ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ የክሮሞዞም ችግር) ያለባቸው ሰዎች የመርሳት በሽታ ከ40ዎቹ ዕድሜያቸው ጀምሮ ሊይዛቸው ይችላል፤ ለዚህ ዕድሜው ገና ነው አትበሉ። ታይሮይዳቸውም በየዓመቱ በደም ይመርመር።

ወረቀቱ እናት በሕይወት ሳለች ይጻፍ። ጆሮውን ሲመታ ምን እንደሆነ የምታውቀው ብዙ ጊዜ እሷ ብቻ ናት፤ ስታርፍ የሚረከበው እህት ወይም የወንድም ሚስት ከየት ያውቀዋል? ኀዘኑ ራሱ ምግብና እንቅልፍ ስለሚነሳው ከለቅሶው አታርቁት፣ የሆነውን በግልጽ ንገሩት።

ሆድ

ድርቀት እንደ ቀላል ነገር ይታያል እንጂ ሲብስ ይገድላል። ከአእምሮ ሕመም ሕክምና ጋር የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፕሮማዚንና ትራይሄክሲፌኒዲል (አርቴን) አንጀትን ያዘገያሉ። ሰገራ በወጣበት ቀን ሁሉ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ፤ በሳምንት ከሦስት ጊዜ ካነሰ ለሐኪም ንገሩ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለቀናት ደርቆ ከቆየ በኋላ ቀጭን ፈሳሽ ልብሱን ሲያበላሽ ተቅማጥ ይመስላል፤ የተጠራቀመውን ደረቅ ሰገራ እየታከከ የሚያልፍ ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል የተቅማጥ ማቆሚያ ገዝታችሁ አትስጡት። ተልባ ይረዳል፣ ነገር ግን ውሃ ካልጠጣበት ያብሳል። ሆዱ ከተነፋ፣ ካስመለሰውና ፈስ ካቆመ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ጉርሻ

ጉርሻ የፍቅር ነው፣ ለእሱ ግን አደገኛ ነው። ሲጠጣ የሚያስለው፣ ከበላ በኋላ ድምፁ የሚሻክር ወይም ሳንባ ምች የሚመላለስበት ሰው ምግብ ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ በሻይ ማንኪያ ልክ ይጉረስ፣ ሳይውጥ ሌላ አይጨመርለት፣ ከበላ በኋላም ለ30 ደቂቃ አይተኛ። ፍትፍቱ በወጥ በደንብ ይራስ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይቅርበት።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት

ፌኖባርቢታልም ሆነ ሌላ፣ በድንገት ማቋረጥ የማያቆም መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። ጸበል ቢሄድም፣ ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ቢገባም አይቋረጥ፤ ሰዓቱ መቀየር ካለበት ሐኪሙ ይቀይረው። ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪትም አታሽትቱት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል። ለዓመታት ሲወሰዱ እነዚህ መድኃኒቶች አጥንትም ሊያሳሱ ይችላሉ፤ ወድቆ መራመድ እንቢ ካለ «ግትር ሆነ» ከማለት በፊት ኤክስሬይ ይነሳ።

ጉዞው

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱና ሪፈር አጽፉ። ለዓይን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ሐረጎን ስትወጡ ብርዱ ስለሚቀየር ጋቢ ያዙ፤ ጠመዝማዛው ለሚያስመልሰው ሰው ከፊት ወንበር ያዙለት። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ክንዱን በጨርቅ እየጠቀለላችሁ ደም ግፊት መለካትን አለማምዱት። በማለዳ ድረሱ፤ ወረፋ መጠበቅ እንደማይችል ለካርድ ክፍል ሳይሆን ታካሚዎችን እንደ ሕመማቸው ክብደት ለሚለየው ነርስ ንገሩ።

ውስጥ ስትገቡ ሐኪሙ መጀመሪያ እሱን ያናግረው፤ እናንተ ቀድማችሁ አትመልሱ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አዲስ ከታዘዘ ለምን፣ ለስንት ጊዜ፣ ምን ሲታይ እንደሚቆም ጠይቃችሁ እዚያው ወረቀቱ ጀርባ ጻፉ፤ አንድ ኮፒ ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ።